የበቆጂ መንገድ፦ ስለሚያሸንፉትና ስለሚመለሱት ወጣቶች

በቆጂ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአርሲ ዞን፣ በጭላሎና በካካ ተራሮች ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ስንዴና ገብስ የሚበቅልባት፣ ማለዳ ማለዳ ጉም የሚያለብሳት ይህች ከተማ ስሟ ከአገር አልፎ የተሰማው በትምህርት ቤት ሜዳዋ ሮጠው አድገው ኋላ የኦሎምፒክ ወርቅ ባጠለቁ ልጆቿ ነው። ወደዚያ የሚያቀና መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የእነዚህን ልጆች ምስጢር ፍለጋ ይሄዳል፤ ምክንያቱ የቦታው ከፍታ ይሁን፣ የገብሱ ምግብ ይሁን ወይስ ድህነቱ እያለ ያጠያይቃል። ይህ ማስታወሻ ያንኑ መንገድ በሌላ ጥያቄ ይከተለዋል፤ ይኸውም አንድ ማኅበረሰብ ወጣቶቹን በቅጡ ደግፏል የሚባለው በምን ተመዝኖ ነው የሚል ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ በፈጣኑ መንገድ የመጣ ተሳፋሪ ከአዳማ ወጥቶ የአዋሽን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ በዴራ አካባቢ ባለው ግራር በበዛበት ቆላማ ሜዳ ያልፍና ወደ ኢተያ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። ሙቀቱ እየቀነሰ፣ አፈሩ እየጠቆረ፣ በግራና በቀኝ ያለው ማሳ እየሰፋ ይሄዳል፤ በኅዳር ወር ያለፈ ሰው ኮምባይነር፣ ማለትም አጭዶ በዚያው የሚወቃ ትልቅ ማሽን፣ የስንዴውን ሜዳ ሲያስተካክለው ያያል። በየከተማው መግቢያ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ከባጃጁ መሪ ጀርባ የተቀመጠውም፣ ጋሪውን የሚነዳውም፣ በመናኸሪያው የተሳፋሪ ሻንጣ የሚሻማውም በአብዛኛው ወጣት ነው። አሰላ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2 ሺህ 400 ሜትር ይጠጋል፤ ከዚያ በሳጉሬ በኩል እስከ በቆጂ ያለው ቀሪ መንገድ አየሩ የሚሳሳበትና ብርዱ የሚጠነክርበት ነው። የትምህርት ቤት መለያ የለበሱ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው በመንገዱ ዳር ሲሮጡ ማየት በዚህ መስመር ብርቅ አይደለም፤ አሰላ አካባቢ ተወልዶ ያደገው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን ረጅም መንገድ እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር በሰፊው የታወቀ ነው።

ይህ ለም አውራጃ ስለ ልማት ድጋፍ የሚያስተምረው አንድ የቆየ ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመውና በአጭር ስሙ ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ በብድር እያቀረበ፣ የወተት ላሞችን ዝርያ እያሻሻለና መንገድ እየጠረገ በትናንሽ ገበሬዎችና በጭሰኞች፣ ማለትም የባለርስትን መሬት እያረሱ ከምርቱ በሚገብሩ ሰዎች፣ ኑሮ ላይ ለውጥ ለማምጣት ተነሥቶ ነበር። ምርቱ በእርግጥ ጨመረ፤ ነገር ግን ስንዴ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እየገዙ መሬታቸውን ራሳቸው ማረስ ስለጀመሩ፣ ድጋፉ የታሰበላቸው ጭሰኞች ከያዙት መሬት እየተነቀሉ ተሰደዱ። ድጋፉ የደረሰላቸውን ብቻ ለቆጠረ ሰው ካዱ የተሳካ ሥራ ነበር፤ ከመሬቱ የወጡትን ለቆጠረ ሰው ግን መልኩ ሌላ ነው። ማንኛውም ድጋፍ በሁለቱም ወገን መቆጠር እንዳለበት ከዚህ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ በአርሲ ምድር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቶ መሬቱን ለአራሹ ቢያደርስም፣ የአባት ማሳ ለልጆች እየተከፋፈለ በሄደ ቁጥር ለታናናሾቹ የሚተርፈው እያነሰ መጥቷል፤ የገጠር መሬት በሕግ የማይሸጥና የማይለወጥ በመሆኑም ወጣቱ ገዝቶ ገበሬ ልሁን ቢል መንገድ የለውም። ስለዚህ ዛሬ በአርሲ ገጠር ለሚያድግ ልጅ የወደፊት ኑሮ ማለት በአመዛኙ ከማሳ ውጭ የሚገኝ ኑሮ ነው፤ ትምህርት፣ ንግድ፣ ሹፍርና፣ ስደት ወይም ሩጫ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለውን ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲወስነው፣ በ1998 ዓ.ም. ባንጁል ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር ደግሞ እስከ 35 ያደርሰዋል። በሁለቱም አቆጣጠር ይህ ዕድሜ ሰው ከወላጁ ቤት ወጥቶ የራሱን ጎጆ እስኪቀልስ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ መሬት በጠበበበት አገር ይህ ጊዜ እየረዘመ መሄዱ አይቀርም።

የበቆጂ ሯጮች ታሪክ የተጀመረው በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በዚያ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በነበሩበት ጊዜ ልጆችን እያዩ መለየትና ማሠልጠን ጀመሩ፤ ኋላም ሥራቸው ይኸው ብቻ ሆነ። ከዚህች ከተማና ከአካባቢዋ የወጣችው ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ ለኦሎምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች፤ በ1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶኑን አሸነፈች፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ እያንዳንዳቸው የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ድርብ ወርቅ ወሰዱ፤ ገንዘቤ ዲባባም እ.ኤ.አ. በ2015 በሞናኮ 1 ሺህ 500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ከ07 በመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። አንዲት መለስተኛ የወረዳ ከተማ ይህን ሁሉ ስም ስታፈራ ከፍታውና አየሩ ድርሻ አላቸው፤ ሆኖም በኢትዮጵያ ደጋ በዚህ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ብዙ ናቸው። በቆጂን ከእነርሱ የለያት ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ ለብዙ ዓመታት የቆየ፣ ልጁን በስሙ፣ ቤተሰቡንም በሰፈሩ የሚያውቅ መምህር ማግኘቷ ነው። ለወጣት የሚሰጥ ድጋፍ ዓመት በተለወጠ ቁጥር ሰው የሚለወጥበት ከሆነ፣ የትናንቱን ልጅ የሚያስታውስ አይገኝም።

ልምምዱን በቅርብ ያየ መንገደኛ የሚያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ጉሙ ገና ሳይነሣ፣ ከከተማዋ በላይ ባለው የባሕር ዛፍ ደን ልጆቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው፣ ከፊት ያለው የረገጠውን እየረገጡ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ፤ መሪው ሥር ወይም ጉድጓድ ሲያይ ለሚከተሉት ምልክት ይሰጣል። የአንዱ ጫማ በስጦታ የመጣ የውጭ አገር ጫማ ሲሆን፣ የሌላው ሊስትሮ በወፍራም ክር ደጋግሞ የሰፋውና ተረከዙ ያለቀ ነው። ሌላ ቀን ልምምዱ በኮሮኮንች፣ ማለትም ጠጠር በበዛበት ባልተነጠፈ መንገድ፣ ላይ ይሆናል፤ በዚያም አንዱ አሯሯጭ ሆኖ ለጥቂት ጊዜ ነፋሱንና ፍጥነቱን ይሸከምና ተራውን ለሚቀጥለው ይለቃል። የተሻለው ልጅ ብቻውን ቢሮጥ ይበልጥ ይፈጥን ይሆናል፤ ነገር ግን በሥልጠናው ልማድ ጉልበት የቡድኑ ነው፤ ደካማው እንዲጠነክር ጠንካራው ይመራዋል፣ ጠንካራውም በደካማው መካከል ሥርዓት ይማራል። ዕድሜው 14 ወይም 15 ለሆነ ልጅ ይህ ከሩጫው በፊት የሚገኝ ትምህርት ነው፤ በሰዓቱ መነሣት፣ ተራ መጠበቅ፣ ለሌላው መንገድ ማመልከት።

ከሜዳው ውጭ ያለው ድጋፍ ደግሞ ከዓይን የራቀ በመሆኑ ብዙም አይጻፍለትም። ከገጠር ቀበሌ የመጡ ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው በከተማዋ አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሄደው እሑድ ማታ የሳምንቱን ስንቅ፣ ማለትም በሶውን፣ ቂጣውንና ቆሎውን፣ ተሸክመው ይመለሳሉ። ልጁ ለልምምድ ሲወጣ ከብቱን የሚያግደው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ የኪራዩን ገንዘብ የምታወጣው ቅቤና ወተት ሸጣ የምትመለስ እናት ነች፤ ወሩ ሲያልቅ ኪራይ ዘግይቶ «ይሁን፣ ስታገኙ» የምትል የቤት ባለቤትም አለች። እያንዳንዱ ሜዳልያ ከበስተኋላው ስማቸው በየትኛውም መዝገብ የማይሰፍር እንዲህ ያሉ ሰዎች መዋጮ አለው። ወጣቱ በማኅበረሰቡ ውስጥ ያለው ቦታም የቆየ ሥር አለው፤ አገሩ የገዳ ሥርዓት፣ ማለትም ሰው በየ8 ዓመቱ ከአንዱ የዕድሜ እርከን ወደ ሌላው እየተሸጋገረ፣ በእያንዳንዱ እርከን የተወሰነ ኃላፊነትና መብት የሚቀበልበት የኦሮሞ ሕዝብ የአስተዳደር ሥርዓት ያለበት ነው፤ ዩኔስኮም በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በዚህ ሥርዓት አስተሳሰብ ወጣትነት ዝም ብሎ የሚጠበቅ ጊዜ አይደለም፤ የራሱ ሥራና ማዕረግ ያለው ደረጃ ነው። የዛሬው ከተማ ይህን እርከን በምን እንደተካው መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በበቆጂ በከፊል የተካው ሩጫ መሆኑን መንገደኛው ይረዳል።

የሴት ልጆች ነገር ከዚህም በላይ የማኅበረሰቡን ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። በጨለማ ከቤት ወጥታ ደን ውስጥ የምትሮጥ ልጅ ወላጆቿ ብቻ ቢፈቅዱላት አይበቃም፤ መንገዱ ሊጠብቃት ይገባል። ይህ ባዶ ስጋት እንዳልነበረ ለመረዳት በ2006 ዓ.ም. የወጣው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም መነሻ ያደረገውን በአርሲ የተፈጸመ የጠለፋ ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል፤ ጠለፋ፣ ማለትም ልጅን በጉልበት ወስዶ ሚስት ማድረግ፣ በአንዲት ተማሪ ላይ የደረሰው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነበር። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜን 18 ያደረገውና ጠላፊ ተጠላፊዋን በማግባት ከቅጣት ያመልጥበት የነበረው ቀዳዳ የተዘጋው ፊልሙ ከመውጣቱ ቀደም ብሎ፣ ከዚያ ጠለፋ በኋላ ነው፤ የኋለኛው ለውጥ የመጣው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ሕጉ ቀድሞ የቆመበትን ቦታ ልማዱ እንዲደርስበት ያገዙት ግን እንደ ደራርቱና እንደ ጥሩነሽ ያሉ ሴቶች ናቸው፤ የአንዲት ልጅ ሩጫ ለቤተሰቡ ክብርም ገቢም ሊያመጣ እንደሚችል አባቶች በዓይናቸው ካዩ በኋላ፣ ጋብቻዋ ትንሽ ይቆይ የሚለው ቃል በሽማግሌዎች ፊት ሚዛን አገኘ።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ መሰላሉ ወደ ላይ ሲወጡ እየጠበበ የሚሄድ መሆኑን መሸሸግ አይቻልም። ከትምህርት ቤት ውድድር ቀጥሎ ፕሮጀክት የሚባለው፣ ታዳጊዎች በወረዳ ደረጃ የሚሠለጥኑበት ቡድን ይመጣል፤ ከዚያ ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ለምሳሌ በአሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው፤ ከዚያም ደመወዝ የሚከፍሉት የባንክ፣ የመከላከያና የፖሊስ ክለቦች፤ በመጨረሻ ብሔራዊ ቡድን ነው። በኦሎምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከ3 አትሌት በላይ ማሰለፍ አይፈቀድለትም። ስለዚህ በየማለዳው በደኑ ውስጥ ከሚሮጡት ልጆች መካከል አብዛኞቹ፣ ምንም ያህል ቢተጉ፣ ጫፍ ላይ እንደማይደርሱ ከመጀመሪያውም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የጄሪ ሮትዌል ዘጋቢ ፊልም «ታውን ኦፍ ራነርስ»፣ ማለትም የሯጮች ከተማ፣ በበቆጂ ያደጉ ልጃገረዶችን ለዓመታት ተከታትሎ ከከተማቸው ወጥተው ክለብ ከገቡ በኋላ የሚገጥማቸውን ውጣ ውረድ ያሳያል። የሚያስጨንቀው ነገር ልጆቹ መሸነፋቸው አይደለም፤ በቤታቸው የነበረው አሰልጣኝ፣ ስንቅ አቀባይ እናትና አብሮ ሯጭ ጓደኛ በአዲሱ ቦታ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጥፋቱ ነው።

በዚህ ክፍተት በኩል ሌሎች መንገዶች ይገባሉ። አርሲ ወጣት ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሚሄዱባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ደላላውም፣ ማለትም ክፍያ ተቀብሎ ተጓዥን የሚያሻግረው ሰው፣ እንደ አሰልጣኙ ሁሉ ልጆቹን በስም ያውቃል። ባሕረ ሰላጤው ለሯጮችም በር ከፍቷል፤ በአርሲ የተወለደችው ማርያም ዩሱፍ ጀማል ለባህሬን ሮጣ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2009 በ1 ሺህ 500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። አገር መቀየሩን በከዳተኝነት ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው፣ 3 ብቻ የሚሰለፉበትን በር ከውጭ ቆመው የሚጠብቁትን ቁጥር ቢያስብ ፍርዱ ይለዝባል።

የኢትዮጵያ መንግሥታት ወጣቱን ለማሳተፍ ያልሞከሩት ዘዴ ጥቂት ነው። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቶ ፊደል እንዲያስቆጥሩና የመሬት አዋጁን እንዲያስፈጽሙ አድርጓል። በቅርቡ ዘመን ደግሞ በየከተማው የወጣት ማዕከላት ተሠርተዋል፤ በየክረምቱም ተማሪዎች የአረጋውያንን ቤት የሚጠግኑበት፣ ታናናሾቻቸውን የሚያስጠኑበትና ችግኝ የሚተክሉበት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይካሄዳል፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ፣ ማለትም ለአንዱ ቡድን በብድር ተሰጥቶ ሲመለስ ለሌላው የሚሰጥ ገንዘብ፣ ተቋቁሟል። እነዚህ ሥራዎች ፍሬ የላቸውም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የዘመቻ ጠባይ አላቸው፤ ዓላማቸው በቁጥር ይገለጻል፣ ጊዜያቸው ሲያልፍም ሰዎቹ ይበተናሉ። ለከብት ማድለብ ተደራጅተው ብድር የወሰዱ 5 ወጣቶች ከብቱ ታሞ ሲሞትባቸው ከብድር አስመላሹ ሌላ በራቸውን የሚያንኳኳ ከሌለ፣ ገንዘቡ ደርሷቸዋል፣ ድጋፉ ግን አልደረሳቸውም። የበቆጂው አሰልጣኝ ከነበራቸው ነገር ውስጥ በበጀት ሊገዛ የማይችለው በነጋታው ያንኑ ልጅ እዚያው ሜዳ ላይ ማግኘታቸው ነበር።

የሚመለሱትን ከመጀመሪያው ያሰበ አሠራርም አለ። ገርልስ ጋታ ረን የተባለው ድርጅት በበቆጂና በወላይታ ሶዶ ልጃገረዶችን ሲደግፍ ሩጫውን ከትምህርት ቤት ቆይታ ጋር ያያይዘዋል፤ የሕይወት ክህሎት፣ ማለትም ስለ ጤና፣ ስለ ገንዘብና ስለ ራስ ውሳኔ የሚሰጥ ትምህርት፣ ይጨምርበታል፤ እናቶችንም በቁጠባ ቡድን ያሰባስባል። በዚህ አሠራር አንዲት ልጅ ክለብ ሳትገባ ብትቀር ደብተሯ አብሯት ይቀራል፤ እናቷም ለሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ይኖራታል። ለማኅበረሰቡም ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ዕድር፣ ማለትም ለሐዘን ጊዜ የሚዋጣበት የሰፈር ማኅበር፣ እና ዕቁብ፣ ማለትም በየተራ የሚወጣ የቁጠባ ክምችት፣ በተመሳሳይ ሕግ የቆሙ ናቸው፤ ለሁሉም ተራ ይደርሳል።

ከበቆጂ የሚመለስ መንገደኛ ስለዚህ የሚይዘው ትምህርት ሩጫን በየወረዳው ማስፋፋት አይደለም። በሌላው ወረዳ ሜዳው የእግር ኳስ፣ የሰርከስ፣ የእርሻ ማሽን ጥገና ወይም የንባብ ክበብ ሊሆን ይችላል፤ ሊገለበጥ የሚገባው በዚያ ሜዳ ዙሪያ ያለው አሠራር ነው። ለመግባት ክፍያ የማይጠየቅበት በር፣ ከዓመት ዓመት የማይለወጥ አዋቂ፣ ጠንካራው ደካማውን የሚጎትትበት ቡድን፣ የቤተሰብ ስንቅና የሰፈር ፈቃድ በበቆጂ ለአሸናፊዎቹ ተሟልተው ተገኝተዋል፤ ለተሸናፊዎቹ ግን መመለሻው መንገድ በአብዛኛው ገና አልተሠራም። የመመለሻው መንገድ መሠራት ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ ክለቦች ታዳጊ ሲወስዱ ትምህርቱን እንዲቀጥል በውላቸው ቢያካትቱ፣ ሩጫውን ያቆሙት በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነትና በረዳት አሰልጣኝነት ወደ መጡበት ትምህርት ቤት ቢመለሱ፣ ከተዘዋዋሪው ፈንድ የሚበደሩት ቡድኖችም ከባንክ ሠራተኛው ሌላ በሥራው ልምድ ያለው የአካባቢ ሰው ቢመደብላቸው ሊጀመር ይችላል። የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ስንት ታዳጊ አሠለጥነን ስንቱን ለክለብ አበቃን የሚል ሪፖርት በየዓመቱ ያቀርባሉ፤ በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ክለብ ሳይገቡ የቀሩት ዛሬ የት ናቸው የሚል አንድ ዓምድ ቢጨመር፣ የወጣት ድጋፍ ምን ያህል እንደሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለቱም ወገን ይቆጠራል።